የትከሻ ጨርቅ

ቡሬ እህል ተራ፣ ከሚዛኑ ጀርባ፣
ጤፍ ጭነን ስንወጣ፣ በቆሎ ስናስገባ፣
መነጽር ያደረገ አንድ ሰው መጣና
ፊታችንን ትቶ ጀርባችንን አጠና።
"ያንተን ነው የምሻው" አለኝ እየዞረ፣
እንደ በሬ ገዢ ሽንጥ እየመረመረ።

ቀጸላ ይባላል፤ ሐውልት ነው ሥራው፣
ነጋዴው ዋለልኝ ከሸገር የጠራው፣
ለአዲሱ ሆቴል፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣
አንድ ትልቅ ነገር እንዲያቆምለት።
"ማንን ነው የምትሠራ?" "የግሪክ ተረት ነው፤
ሰማይን በጫንቃው የተሸከመ ሰው።
አትላስ ይባላል።" "ምን አልከኝ?" "አትላስ።"
"ማን ሊልሰው ኖሯል? ማር ነው ወይ የሚላስ?"
ሳቀ። ዋጋ ቆረጥን። "መቆም ነው ሥራህ" አለኝ፤
ቆሞ መብላት መጣ ብዬ ደስ አለኝ።

መጋዘን ውስጥ አቆመኝ፣ እስከ ወገቤ ራቁቴን።
"እጅህን አንሣ። ጎንበስ። ጉልበትህን እጠፍ።
አሁን ሰማዩ እላይህ ላይ ነው።"
ቀና ብዬ አየሁ፤ ቆርቆሮ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክሜአለሁ እኔ፦
ስሚንቶውን፣ ስኳሩን፣ ማዳበሪያውን፣
ዓይን የሚያነድ የወንበርማ በርበሬ፣
አንድ ጊዜም ሬሳ፣ ከነሳጥኑ፣ መኪና ከማይደርስበት።
እንዲህ ያለ ጭነት ግን አላየሁም፤
የለም፣ ግን አይወርድም።
በሁለተኛው ቀን ጉልበቴ ራደ፣
ባዶው፣ ባዶው ራሱ ትከሻዬን ናደ።
"ወንድሜ፣ ሰማይህ አልያዝልህ አለኝ፤
መጉበጥ ካማረህ ኩንታል አሸክመኝ።"
በቆሎ ተጫነኝ፤ ጅማቴ ተገተረ፣
"ይኸው ሰማይ!" ብሎ ጭቃው ላይ በረረ።

አንድ ከሰዓት ጠየቅሁት፦
"ወዴት ነው የሚያደርሰው?"
"ምኑን?"
"ሰማዩን ነዋ። ማራገፊያው የት ነው?"
"ማራገፊያ የለውም። አማልክት ቀጥተውት ነው፤ እንደያዘ ይኖራል።"
እርሱ ወደ ጭቃው ተመለሰ። እኔ ምሳዬን መብላት አቃተኝ።
ሸክም እኮ ደጃፍ አለው።
የቱንም ያህል ቢከብድ፣ መንገዱ ቢረዝም፣
መጨረሻው ላይ አንድ ሰው "አውርድ" ይላል።
ለዚያች ቃል ነው የምንሸከመው፣
ሒሳቡ ኋላ የሚመጣ ነው።

በጥቅምት ተመረቀ። ድንኳን፣ ጥሩምባ፣ ሁለት ሰንጋ።
ቁመቱ የሦስት ሰው፤ ጥቁር ድንጋይ እንዲመስል የተቀባ ስሚንቶ።
ፊቱ የእኔ አይደለም፤ ጢም አብቅለውለታል፣ አፍንጫውም የሌላ ነው።
እንግዳው ሁሉ በፊቱ በኩል ፎቶ ይነሣል።
እኛ በኋላው ዞርን፣ እኔና ልጄ ጥሩዬ።
"አባባ፣ ጠባሳህ!" አለች፤
የግራውን፣ የጣውላ ሚስማር የተወልኝን።

እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ላይ ነበር።
ቀጸላ አንድ ነገር ረስቷል፤ አይፈረድበትም፣ ተሸክሞ አያውቅም።
ጨርቅ የለውም።
በባዶ ሥጋ ላይ ሰማይ!
ሥራ የጀመረ የትናንት ልጅ እንኳ እንዲህ አይቆምም።

በኅዳር፣ ውርጭ በወረደበት ሌሊት፣ ወጣሁበት፤
ጭኑን ረግጬ፣ ጎኑን አቅፌ፣
የገዛ ጀርባዬን እንደ አቀበት ወጣሁት።
የትከሻዬን ከረጢት፣ ላቤ ያደረቀውን፣
በጫንቃውና በሉሉ መካከል በእንጨት ገፋሁት።
ዘበኛው አላምረው ጠዋት ጎትቶ ጣለው።
ማታ መለስኩት። ጠዋት ጣለው።
በአምስተኛው ሌሊት ስመጣ
መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ።
አላምረው ከዳሱ ሥር ቆሟል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣
የሌለ መኪና እያየ።

ለራሴ ሌላ ከረጢት ቀድጃለሁ።
ማታ ማታ፣ ከእህል ተራ ስመለስ፣ በዚያው ነው መንገዴ።
ሰው አለመኖሩን አይና ጠጋ ብዬ፣
"በቃ፣ ወንድም" እለዋለሁ፣
"ደርሰሃል። አውርድ።"